ስለ ራውል ሂሜኔዝ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ሜክሲኮው አጥቂ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ከቀላሉ ጀምሬ መልሻለሁ፤ ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው።

ራውል ሂሜኔዝ ማነው?

ሜክሲኳዊ አጥቂ ነው። ሙሉ ስሙ ራውል አሎንሶ ሂሜኔዝ ሮድሪጌዝ ይባላል። ሜይ 5 ቀን 1991 በኢዳልጎ ግዛት፣ ቴፔሂ ዴል ሪዮ በምትባል ከተማ ተወለደ። የሀገሩ ሰዎች «የቴፔሂው ተኩላ» እያሉ ይጠሩታል።

እኛ ጋ ፕሪሚየር ሊግ የሚያይ ሰው የሚለየው ግንባሩ ላይ በሚያስረው ጥቁር መከላከያ ነው። ሜዳ ላይ ያ ነገር ሲታይ «የወልቭሱ ልጅ ነው» ይባላል፣ ምንም እንኳን የእንግሊዙን ክለብ ወልቭስን ከለቀቀ ቢቆይም። ስለ መከላከያው ወደ ታች ስንሄድ በደንብ እናወራለን።

«ጂሜኔዝ» ነው ወይስ «ሂሜኔዝ»?

ሂሜኔዝ ነው። እንግሊዞች «ጄ» የሚሏት ፊደል በስፓኒሽ ስትነበብ ከጎሮሮ የምትወጣ «ኸ» ናት። አማርኛ «ኸ» ስላለው ለኛ አይከብድም። ጎሮሮ ላይ ትንሽ ጫን አድርጉና «ኺሜኔዝ» በሉ፣ ሜክሲኮዎቹም እንደዚያው ነው የሚሉት።

ከሳንቲ ሂሜኔዝ ጋር ወንድማማች ናቸው?

አይደሉም፣ ዝምድናም የላቸውም። ግራ የሚያጋባው ሁለቱም የሜክሲኮ አጥቂ መሆናቸውና ስማቸው ሲጠራ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። በስፓኒሽ ሲጻፍ ግን የመጀመሪያ ፊደላቸው ይለያያል። ሳንቲያጎ ቦነስ አይረስ ተወልዶ ሜክሲኮ ያደገ ልጅ ነው፣ አባቱ ክርስቲያን ሂሜኔዝም ለሜክሲኮ ተጫውቷል። ሳንቲ በፌይኖርድ ስሙን አስጠርቶ በ2025 መጀመሪያ ሚላን ገባ። ራውል በ10 ዓመት ይበልጠዋል።

እግር ኳስ የጀመረው የት ነው?

ሜክሲኮ ሲቲ በሚገኘው ክለብ አሜሪካ ነው። ስሙ እንዳያሳስታችሁ፣ ክለቡ የሜክሲኮ ነው፤ ብዙ ደጋፊም ብዙ ጠላትም ያለው ትልቅ ክለብ። ራውል በክለቡ ታዳጊ ቡድን አልፎ በ2011 ለዋናው ቡድን መሰለፍ ጀመረ። በዓመቱ ደግሞ ለንደን ኦሎምፒክ ላይ ወርቅ ካገኘው የሜክሲኮ ቡድን ውስጥ ነበር። ዌምብሌይ ላይ ኔይማር ያለበትን ብራዚል 2 ለ 1 አሸነፉ። ሁለቱንም ጎል ያገባው ኦሪቤ ፔራልታ ነው፣ የመጀመሪያዋን ጨዋታው በተጀመረ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ። ራውል ያኔ 21 ዓመቱ ነበር።

በ2013 ከክለብ አሜሪካ ጋር ሊጉን በላ። ያ ፍፃሜ ለብቻው ታሪክ ነው። ተጋጣሚው የዚያው ከተማ ክለብ ክሩስ አሱል፣ ሜዳው አዝቴካ። አሜሪካዎች አንድ ሰው በቀይ ወጥቶባቸው፣ በድምር ውጤት 2 ለ 0 እየተመሩ እስከ 89ኛው ደቂቃ ደረሱ። አንድ አገቡ። ከዚያ በባከነ ሰዓት የራሳቸው ግብ ጠባቂ ሞይሰስ ሙኞዝ ለኮርነር ወደ ፊት ወጥቶ በቴስታ ገጫት፣ ኳሷ ተከላካይ ነክታ ገባች። በመለያ ምት አሸነፉ። ዝናብ እየወረደ ነበር፣ ቪዲዮውን ፈልጋችሁ እዩት።

ሜክሲኮዎች ስለዚያ የመቀስ ምት ጎል እስካሁን ለምን ያወራሉ?

ጎሏ ስለምታምር ብቻ አይደለም፣ የገባችበት ሰዓት ነው። በ2013 ሜክሲኮ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ውስጥ ተንኮታኩታ ነበር። በአንድ ማጣሪያ ብቻ አራት አሰልጣኝ ቀያየሩ። ኦክቶበር 11 አዝቴካ ላይ ከፓናማ ጋር ሲጫወቱ 1 ለ 0 ይመሩ ነበር፣ 81ኛው ደቂቃ ላይ ፓናማ አቻ አደረገች። በዚያ ውጤት ቢያልቅ ብራዚል የመሄዳቸው ነገር አብቅቶ ነበር ማለት ይቻላል።

85ኛው ደቂቃ ላይ ተቀይሮ የገባው ራውል ከሳጥኑ ጠርዝ አካባቢ ጀርባውን ለጎሉ ሰጥቶ ቆሟል። ኳሷን ወደ ላይ አነሳት፣ ራሱም ተነሳ፣ አየር ላይ ተገልብጦ በመቀስ ምት ላካት። ግብ ጠባቂው ማየት ብቻ ነበር የቻለው። አዝቴካ ፈነዳ።

ነገሩ ግን እዚያ አላበቃም። ከአራት ቀን በኋላ ሜክሲኮ በኮስታሪካ ተሸነፈች፣ ያዳናት ደግሞ ዋናዋ ባላንጣዋ አሜሪካ ናት፤ ፓናማን በባከነ ሰዓት በሁለት ጎል አሸነፈችላት። ከዚያ ሜክሲኮ ኒውዚላንድን በደርሶ መልስ ደቁሳ ብራዚል ሄደች። የራውል ጎል ባትኖር ግን የአሜሪካ ውለታም አይጠቅምም ነበር።

አትሌቲኮ ማድሪድ ለምን አልተሳካለትም?

ጊዜው አልሆነለትም። በ2014 ክረምት ሲሄድ አትሌቲኮ የላሊጋ ሻምፒዮን ነበር፣ በዚያው ዝውውር ማንዙኪችና ግሪዝማን መጥተዋል። የ23 ዓመት ልጅ ከሜክሲኮ ሊግ በቀጥታ ዲያጎ ሲሚዮኔ ስር ገብቶ እነዚያን ሁለቱን ቀድሞ መሰለፍ ከባድ ነው። በላሊጋ ያገባው አንድ ጎል ብቻ ነው፣ ሴቪያ ላይ። ሪያል ማድሪድን ያሸነፉበት የስፔን ሱፐር ካፕ ግን አለው። በዓመቱ ለቀቀ።

ቤንፊካስ?

ስለ ቤንፊካ ሰው ብዙ አያወራም፣ እኔ ግን የተሠራው እዚያ ነው ባይ ነኝ። በ2015 ገባ። ክለቡ ሒሳቡን በሁለት ጊዜ ከፍሎ ሲጨርስ 22 ሚሊዮን ዩሮ ሆነ፣ በወቅቱ ቤንፊካ ለአንድ ተጫዋች ያወጣው ትልቁ ገንዘብ። ያም ሆኖ ከዮናስና ከሚትሮግሉ ኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጥበት ቀን ይበዛል። ተቀይሮ መግባትን እዚያ ተማረ። ሃያ ደቂቃ ይሰጡታል፣ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ጨዋታ ይገለብጣል።

ሁለት የሊግ ዋንጫ በላ፣ በ2016 እና በ2017። የ2017ቱ የፖርቱጋል ዋንጫ ፍፃሜ ላይም አግብቷል። በ2016 የቻምፒዮንስ ሊግ ሩብ ፍፃሜ ባየርን ሙኒክ ላይ በቴስታ ያገባውን የሚያስታውስ አለ? ቤንፊካ ቢወድቅም ያን ቀን የባየርን ተከላካዮች ልጁን መያዝ አቅቷቸው ነበር።

ወልቭስ ውስጥ ምን ነካው? በአንድ ጊዜ እንዴት እንደዚያ ገነነ?

ቦታውን አገኘ፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። በ2018 ወልቭስ ገና ከቻምፒዮንሺፕ፣ ከእንግሊዝ ሁለተኛው ሊግ፣ መውጣቱ ነበር። አሰልጣኙ ኑኖ ፖርቱጋላዊ፣ ቡድኑም ከሞላ ጎደል ፖርቱጋል ነው፦ ሩበን ኔቬስ፣ ሞቲንሆ፣ ሩይ ፓትሪሲዮ፣ ዲዮጎ ጆታ። ሦስት ዓመት ሊዝበን የኖረ ሰው ለእነሱ እንግዳ አይደለም። በውሰት ነው የገባው። በመጀመሪያው ጨዋታ ኤቨርተን ላይ አገባ። ዓመቱን በ13 የሊግ ጎል ሲዘጋ ክለቡ ውሰቱን በ30 ሚሊዮን ፓውንድ ቋሚ አደረገው፣ ያኔ የወልቭስ ሪከርድ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት 17 የሊግ ጎል፣ በሁሉም ውድድር 27። ቁጥሩ ግን ሁሉንም አይናገርም። ረጅም ኳስ ሲመጣ ሁለት ተከላካይ ጀርባው ላይ ተንጠልጥለው በደረቱ አቁሞ፣ አንዴ ዞር ብሎ አይቶ፣ ለጆታ ወይም ለአዳማ ትራኦሬ የሚያሳልፍበት ነገር ነበር የወልቭስ ግማሽ ጨዋታ። ዘጠኝ ቁጥር ለብሶ የአስር ቁጥርን ሥራ ይሠራ ነበር። ክለቡ ሁለት ዓመት በተከታታይ 7ኛ ወጣ፣ በ2020 ኢሮፓ ሊግ ሩብ ፍፃሜ ደረሰ።

ጭምብል አጥልቆ የጨፈረው መቼ ነው?

ኤፕሪል 7 ቀን 2019፣ ኤፍኤ ካፕ ግማሽ ፍፃሜ፣ ዌምብሌይ፣ ከዋትፎርድ ጋር። ሁለተኛውን ጎል ሲያገባ የሜክሲኮ ትግል ተፋላሚዎች የሚለብሱትን ዓይነት ጭምብል በወልቭስ ቀለም አጠለቀ። ሉቻ ሊብሬ ይሉታል ትግሉን፣ ሜክሲኮ ውስጥ ከኳስ የማይተናነስ ተመልካች አለው። ጭምብሉ ሲን ካራ የሚባለው ታጋይ የሚያደርገው ዓይነት ነው።

ወልቭስ 2 ለ 0 እየመራ ነበር። ዴሎፌ አንድ መለሰ፣ ትሮይ ዲኒ በ94ኛው ደቂቃ በሪጎሬ አቻ አደረገ፣ በጭማሪ ሰዓት ዴሎፌ ደግሞ ሦስተኛውን ጨመረ። 3 ለ 2። በዚያ ጭምብል ብዙ ተቀለደበት። እኔ ግን ዌምብሌይ ላይ ግማሽ ፍፃሜ አግብቶ የሀገሩን ነገር ያሳየ ሰው ጥፋቱ አይታየኝም፣ ያን ውጤት ማስጠበቅ የእሱ ብቻ ሥራ አልነበረም።

ሪጎሬ ሲመታ ለምን ያዘገማል?

ግብ ጠባቂው ቀድሞ እንዲንቀሳቀስ ነው። ሲንደረደር ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ከመምታቱ በፊት ዘለል ይላል፣ ዓይኑ ኳሷ ላይ ሳይሆን ግብ ጠባቂው ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ይሠራለታል። ያልሠራለትና የማይረሳው በ2020 ኢሮፓ ሊግ ሩብ ፍፃሜ ነው፣ የሴቪያው ቦኖ አዳነበት። ሴቪያ በ88ኛው ደቂቃ አግብቶ ወልቭስን አስወጣ፣ በኋላም ዋንጫውን በላ። ከዚያም በኋላ ግን አመታቱን አልቀየረም።

ኖቬምበር 29 ቀን 2020 ምን ተፈጠረ?

በእኛ ህዳር 20 ቀን 2013 ነው፣ እሁድ ማታ። እኔ የአርሰናል ደጋፊ ነኝና ጨዋታውን ከመጀመሪያው ነው ያየሁት። ኮሮና ስለነበር የአርሰናል ሜዳ ኤሚሬትስ ባዶ ነው። ገና 5ኛው ደቂቃ፣ የአርሰናል ኮርነር። ራውል ለመከላከል ወደ ራሱ ሳጥን ተመልሷል፣ ዴቪድ ሉዊዝ ለመግጨት ይሮጣል። ሁለቱም ዘለሉ። ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጩ። ደጋፊ ስላልነበረ ድምፁ በቴሌቪዥን ተሰማ፣ ያን ድምፅ የሰማ ሰው ሁሉ ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ ወዲያው ነው የገባው። ራውል ወደቀ፣ አልተንቀሳቀሰም።

አሥር ደቂቃ ገደማ ሜዳ ላይ ሲረዱት ቆዩ። ኦክስጅን አድርገውለት በቃሬዛ ወጣ። የራስ ቅሉ ተሰንጥቆ ነበር፣ ውስጥ የፈሰሰው ደም አንጎሉን እየተጫነው ስለነበር በዚያው ሌሊት ለንደን ቀዶ ጥገና ተደረገለት። በኋላ ራሱ ሲናገር የሚያስታውሰው ስታዲየም መድረሳቸውን፣ ሜዳውን ማየታቸውንና ልብስ መቀየሪያ ክፍል መግባታቸውን ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ለእሱ ጨለማ ነው። ያን ጊዜ ልጁ ከተወለደች ገና ወራት ነበር።

ጨዋታውን ወልቭስ 2 ለ 1 አሸነፈ። ዴቪድ ሉዊዝ ጭንቅላቱ በፋሻ ተጠምጥሞ፣ ደሙ በፋሻው ላይ እየታየ እስከ እረፍት ተጫወተ። ይህ ብዙ ሰው አስቆጣ። የሕክምና ምርመራውን አልፏል ተብሎ ነው የቀጠለው። ግጭቱ ራሱ የማንም ጥፋት አልነበረም፣ ሁለቱም ኳስ ፈልገው ነው የዘለሉት።

ከእሱ ጉዳት በኋላ ሕጉ ተቀየረ የሚባለው እውነት ነው?

በከፊል። ክርክሩ ከዚያ በፊትም ነበር፣ የእሱ ጉዳት ግን አፋፋመው። በዚያው ዲሴምበር የእግር ኳስ ሕግ አውጪው አካል ጭንቅላቱን ለተመታ ተጫዋች ተጨማሪ ቅያሪ እንዲሞከር ፈቀደ። ፕሪሚየር ሊግ በፌብሩዋሪ 2021 ጀመረው። ቡድኑ ቅያሪውን ቢጨርስም የተመታውን ሰው ማውጣት ይችላል ማለት ነው። አንዴ የወጣ ግን አይመለስም። በ2024 ደግሞ ከሙከራነት ወጥቶ ውድድሮች ሊጠቀሙበት የሚችሉት መደበኛ ሕግ ሆነ።

ጭንቅላቱ ላይ ያለው ጥቁር ነገር ምንድን ነው? እስከ መቼ ነው የሚያደርገው?

ቅሉ የተሰበረበትን ቦታ ሸፍኖ ምት የሚያበርድ፣ ለስላሳ ስፖንጅ ያለው መከላከያ ነው። ቁር አይደለም። ብዙ ሰው ከቀድሞው የቼልሲ ግብ ጠባቂ ከፒተር ቼክ ጋር ያመሳስለዋል፣ የቼክ የራግቢ ተጫዋቾች የሚያደርጉት ዓይነት ሙሉ ቆብ ነበር። ራውል መጫወት እስኪያቆም አያወልቀውም።

ለመመለስ ስንት ጊዜ ፈጀበት?

ይህን ጥያቄ በሁለት መልክ ነው የምመልሰው። በወረቀት ስምንት ወር ተኩል ነው። ጉዳቱ ኖቬምበር 2020፣ የሊግ ጨዋታ የተመለሰበት ኦገስት 14 ቀን 2021፣ ከሌስተር ጋር። ሴፕቴምበር 26 ሳውዝሃምፕተን ላይ የመጀመሪያ ጎሉን አገባ። ግብ ጠባቂው ጆሴ ሳ ከራሱ ሳጥን ረጅም ኳስ ላከለት። ተቀበላት፣ ከአንዱ ተከላካይ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቶ አለፈ፣ ሌላውን አታለለ፣ ጥግ ላይ አስቀመጣት። 1 ለ 0 አለቀ። የወልቭስ ተጫዋቾች በሙሉ ሮጠው ሄደው ሲያቅፉት ሙሉ ሰውነታቸው ደስታ ነበር። ፊልም ቢሆን እዚያ ያልቅ ነበር።

ግን አላለቀም። ያን ዓመት በሊጉ 6 ጎል ብቻ። ማንቸስተር ሲቲ ላይ በ31 ሰከንድ ውስጥ ሁለት ቢጫ አይቶ ወጣ፣ እንደዚያ ሲቸኩል አይቼው አላውቅም። ማርች 2022 ዋትፎርድ ላይ አገባና ከዚያ ጎል ደረቀበት። የ2022/23 የውድድር ዓመት በሊጉ ዜሮ ነው። ብሽሽቱ ተጎዳ፣ አሰልጣኝ ተቀያየረ፣ ወንበር ላይ ቀረ። ሰው ሁሉ «ከጭንቅላቱ ወዲህ አበቃለት» አለ። ቀጣዩ የሊግ ጎሉ ኖቬምበር 12 ቀን 2023 ነው የመጣው፣ በፉልሃም ማሊያ፣ ቪላ ፓርክ ላይ። 20 ወር።

ስለዚህ የኔ መልስ ሦስት ዓመት ነው። ከሆስፒታል ወጥቶ ሜዳ ሲገባ ሁሉም ያጨበጭባል። ያቺ 20 ወር ግን ጭብጨባ የለባትም። ሳምንት በሳምንት ሳታገባ፣ ሰው እያዘነልህ፣ አሁንም ወደ ኮርነሩ መሮጥ፣ አሁንም መዝለል። ራውልን እንደዚህ የምወደው በዚያች ጊዜ ምክንያት ነው።

ፉልሃም ለምን ወሰደው?

ርካሽ ስለነበር፣ የክለቡ አጥቂ ሚትሮቪች ደግሞ ወደ ሳዑዲ ሊሄድ ልቡ ተነስቶ ስለነበር። በጁላይ 2023 በ5.5 ሚሊዮን ፓውንድ አካባቢ ነው የገዙት፣ ወልቭስ 30 ሚሊዮን የከፈለበትን ሰው ማለት ነው። ብዙ የፉልሃም ደጋፊ በመጀመሪያ አልተደሰተም። አሰልጣኙ ማርኮ ሲልቫ ግን ታገሠው። ዲሴምበር ላይ ኖቲንግሃም ፎረስት ላይ ሁለት፣ ዌስትሃም ላይ አንድ አገባ፣ ሁለቱም ጨዋታ 5 ለ 0 ነው ያለቀው። የመጀመሪያ ዓመቱን በ7፣ ሁለተኛውን በ12 የሊግ ጎል ዘጋ። ከ2020 ወዲህ ሁለት አኃዝ የገባበት የመጀመሪያው ዓመት ነበር፣ ዕድሜው 34 ሲሞላ።

ከብሔራዊ ቡድን ተጥሎ ነበር እንዴ?

አዎ። በ2024 ኮፓ አሜሪካ አሰልጣኙ ሃይሜ ሎዛኖ አንጋፋዎቹን ትቶ ወጣት ይዞ ሄደ፣ ራውልም ግብ ጠባቂው ኦቾአም ቀሩ። ሜክሲኮ ከምድብ ሳታልፍ ተመለሰች፣ ሎዛኖም ተነሳ። ሀቪየር አጊሬ ሲመጣ መልሶ ጠራው። ኦክቶበር 2024 ጓዳላሃራ ላይ ከአሜሪካ ጋር በቅጣት ምት አንድ አግብቶ ሌላዋን አመቻቸ፣ 2 ለ 0። ማርች 2025 ሜክሲኮ የኮንካካፍ (የሰሜንና መካከለኛው አሜሪካና የካሪቢያን) ኔሽንስ ሊግን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትበላ በግማሽ ፍፃሜው ካናዳ ላይ ሁለቱንም፣ በፍፃሜው ፓናማ ላይ ሁለቱንም ጎል ያገባው እሱ ነው። የመጨረሻዋ በባከነ ሰዓት በሪጎሬ። ፓናማ ከሱ ጋር ያላት ነገር መቼም አያልቅም።

የጆታን ስም የያዘ ማሊያ ያነሳው በየትኛው ጨዋታ ነው?

ጁላይ 6 ቀን 2025፣ ሂዩስተን፣ የኮንካካፍ አገሮች ዋንጫ የሆነው የጎልድ ካፕ ፍፃሜ ከአሜሪካ ጋር። ዲዮጎ ጆታ ከወንድሙ ጋር በመኪና አደጋ ያረፈው በጁላይ 3 ነው። ሦስት ቀን አልፎት ነበር። ሜክሲኮ ገና በ4ኛው ደቂቃ ገብቶባታል። ራውል 27ኛው ደቂቃ ላይ በግራ እግሩ ከላይ መረቡ ውስጥ ሰቀላት። ከዚያ ወደ ወንበሩ ሮጦ የሜክሲኮን ማሊያ ተቀበለ፣ ጀርባው ላይ የጆታ ስምና 20 ቁጥር አለ። ለሕዝቡ አሳየ። ሣሩ ላይ ተቀምጦ በእጁ ጌም እንደሚጫወት ሰው አደረገ፣ ጆታ ጎል ሲያገባ ይጨፍር የነበረው እንደዚያ ነው።

ወልቭስ ላይ ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ነው የተጫወቱት። አንዱ ያቆማል፣ አንዱ ይሮጣል። ጨዋታውን 2 ለ 1 አሸንፈው ዋንጫውን አነሱ። በ2019ም ጎልድ ካፕ ሲያሸንፉ ራውል የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ተብሏል፤ በፍፃሜው ለጆናታን ዶስ ሳንቶስ በተረከዙ ያቀበለው ኳስ ነበር ዋንጫውን ያመጣው።

ከቺቻሪቶና ከሁጎ ሳንቼዝ ጋር ሲወዳደር የቱ ይበልጣል?

ሁጎ ሳንቼዝን አትንኩት። አምስት ጊዜ የላሊጋ ኮከብ ግብ አግቢ ነው፣ በ1989/90 ብቻ ለሪያል ማድሪድ 38 የሊግ ጎል አግብቷል። ከሜክሲኮ ማንም አልደረሰበትም።

ከቺቻሪቶ (ሀቪየር ሄርናንዴዝ) ጋር ግን ክርክር አለ። ለብሔራዊ ቡድን ቺቻሪቶ 52 አግብቶ አንደኛ ነው፣ ቦርጌቲ በ46 ይከተላል፣ ራውል ከ40 በላይ አግብቷል። በፕሪሚየር ሊግ ደግሞ ቺቻሪቶ ለዩናይትድና ለዌስትሃም 53 ነበረው፣ ራውል በ2024/25 አለፈውና አሁን ከሜክሲኮዎች አንደኛው እሱ ነው። ቺቻሪቶ ሳጥን ውስጥ ሽታ ነበረው፣ ኳሷ የምትወድቅበትን ከሁሉም ቀድሞ ያውቃል። ለአንድ ጎል ከሆነ እሱን እመርጣለሁ። ለ90 ደቂቃ ከሆነ ራውልን።

ዓለም ዋንጫ ላይ ለምን አላገባም?

በ2014፣ በ2018 እና በ2022 ሄዷል፣ በሦስቱም አላገባም። ምክንያቱ ቀላል ነው፣ ሦስቱንም ጊዜ ተቀይሮ እየገባ ነው የተጫወተው። በመጀመሪያው ልጅ ነበር። ሩሲያ ላይ ዋናው አጥቂ ቺቻሪቶ ነበር፣ ራውል ጀርመንን ሲያሸንፉም የገባው ከእረፍት በኋላ ነው። ካታር ላይ ደግሞ ከብሽሽት ጉዳቱ ገና እያገገመ ነበር፤ በደንብ ሲያገባ የነበረው ሳንቲ ሂሜኔዝ ቀርቶ እሱ መወሰዱ ሜክሲኮ ውስጥ ብዙ አነጋግሯል። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ሳንቲ መሄድ ነበረበት። ሜክሲኮ ከ1978 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከምድቧ ሳታልፍ ቀረች። ያሳዝናል፣ ምርጥ ዕድሜው ላይ የዓለም ዋንጫ አልነበረም። በ2019 ወይም በ2020 ዓለም ዋንጫ ቢኖር ኖሮ ወሬው ሌላ ነበር።

የራስ ቅሉ የተሰበረ ሰው ተመልሶ መጫወቱ ልክ ነው?

በጣም የሚያስቸግረኝ ጥያቄ ይህ ነው። ሁለት ሰው ላንሳ። ፒተር ቼክ በ2006 ሬዲንግ ላይ ቅሉ ተሰበረ፣ በሦስት ወር ገደማ ተመለሰ፣ ከዚያ ከአሥር ዓመት በላይ ተጫወተ። ራያን ሜሰን በ2017 ቼልሲ ላይ ተሰበረ፣ ሐኪሞች በመከሩት መሠረት በ26 ዓመቱ ኳስ አቆመ። ጉዳቱ በስም አንድ ነው፣ ስብራቱ ግን የሰው ሰው ነው። በሌላው ሰው መፍረድ የማይቻለው ለዚህ ነው።

የራውል ነገር ደግሞ ከቼክ ይከብዳል። ቼክ ግብ ጠባቂ ነው፣ በእጁ ነው የሚሠራው። ራውል በቴስታ የሚኖር አጥቂ ነው። ስለዚህ ጥንቃቄው ረዘመ። ወልቭስ በሜይ 2021 «ይህን ዓመት አትጫወትም» አለው። ልምምድ ሲጀምርም መጀመሪያ ለብቻው፣ ቆይቶ ከቡድኑ ጋር ያለ ግጭት፣ ቴስታ መጨረሻ ላይ ነው የተፈቀደለት። ልዩ ሐኪሞች አይተው ፈቀዱ፣ እሱም ፈለገ። አደጋውን ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ውሳኔውን ለማክበር ይህ ይበቃኛል፣ ሜሰን ማቆሙንም እንደዚያው አከብራለሁ።

ቢሆንም ፉልሃም ሲጫወት ኮርነር በተመታ ቁጥር እጄ ፊቴ ላይ ይሄዳል። እሱ ግን አሁንም ለመከላከል ወደ ሳጥኑ ይመለሳል፣ መከላከያውን በሁለት እጁ ወደ ታች ሳብ ያደርጋል፣ ይዘላል።